ተከፍቶ የተዘጋ ደብዳቤ

በዚያ መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ሲመጣም ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እብስ ይላል። ሥራ ግን አይቆምም። መዝገብ ቤት ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ የኢሜይል ፕሮግራም ተጭኗል፤ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን እዚያ ጽፎ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ደብዳቤውም «ወጪ» በሚባለው ሳጥን ተሰልፎ ይጠብቃል። መስመር ብቅ ሲል ሁሉም ተግተልትሎ ይሄዳል።

የዚህ ኮምፒውተር እመቤት ነባሯ ናት። ስም አላት፤ ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ማን በስሟ ይጠራታል! ፕሮግራሙን ጓዳ ጎድጓዳውን ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ተቀጠረችና «አስተምሪያት» ተባለች። ቢሮው ወዲያው «አዲሷ» አላት።

ማስተማሩንስ አስተማረቻት፤ ክፋቱ ልጅቷ ፈጠነች። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ሲል «አዲሷ የት ሄደች?» ይላል፣ ነባሯ እዚያው ፊቱ ተቀምጣ! ኧረ እሷም ሰው ናት! አንጀቷ እርር ይል ጀመር። የልጅቷ ሳቅ አስጠላት፣ ፋይል ስታወጣ ማንጎራጎሯ አስጠላት፣ በሰዓቷ መግባቷ ሳይቀር አስጠላት። እናም አንዲት ነገር ሳታስተምራት አስቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጪ ሳጥን ውስጥ የሚጠብቅ ደብዳቤ ርእሱ ዘንበል ብሎ ይታያል። አንድ ሰው ከፍቶ አንብቦት፣ እንደገና «ላክ» ሳይል ከዘጋው፣ ርእሱ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ መስመር ቢመጣም ንቅንቅ አይልም። ነባሯ ይህን የደረሰችበት የአለቃ ደብዳቤ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦባት፣ በሰው ፊት ተሰድባ ነው። «እኔ ተዋርጄ ያወቅኩትን እሷ በነጻ ልትወስደው? ሞቼ ነው!» አለች በሆዷ።

ታዲያ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ወጡ። ዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ፤ ማመልከቻ በኢሜይል፣ እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት። ነባሯ ፀጉሯ የሸበተው ይቺን ወንበር ስትጠብቅ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ሰኞ ዕለት ማመልከቻዋን ጽፋ፣ «ላክ» ብላ፣ እፎይ አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ፎቅ ላይ ስብሰባ ቆይታ ስትወርድ አዲሷ ከኮምፒውተሩ ስትነሳ አገኘቻት።

«እትዬ፣ እኔም ልሞክር ብዬ አመለከትኩ። አይከፋዎትም አይደል?»

«ምን ይከፋኛል የኔ እመቤት! ለሁሉም ክፍት ነው።»

አፏ ይህን አለ እንጂ ሆዷ በገነ። ትናንት መጥታ ዛሬ ወንበር! ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ ተቀመጠችና ወጪ ሳጥኑን ከፈተች። የልጅቷ ደብዳቤ ከሃያ ምናምን ደብዳቤዎች በላይ አናቱ ላይ ነበር። ከፍታ አነበበችው። አጭር፣ ጥርት ያለ፣ አንድ እንከን የማይወጣለት ደብዳቤ! ይህማ ያልፋል አለች። ዘጋችው። ርእሱ ቀጥ አለ። የቀሩትን ዞር ብላም ሳታይ ተነሣች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ለራሷ። «አልሰረዝኩ፣ አልደበቅኩ። ማንበብ ወንጀል ነው እንዴ?»

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ መጣ። ቢሮው በጩኸት ተናወጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነባሯ ወጪ ሳጥኑን ከፍታ የሄደውንና የቀረውን ትለይ ነበር። የዚያን ቀን ግን ድፍረቱን ከየት ታምጣ? እዚያ ተቀምጦ የሚጠብቃትን ታውቃለቻ።

«ሁሉም ሄደ እትዬ?» አለች አዲሷ።

«ሄደ፣ ሄደ» አለቻት ፊቷን ሳታዞር።

በአሥረኛው ቀን ዜናው ዱብ አለ። ወንበሩ ከሌላ ቅርንጫፍ ለሚመጣ ሰው ተሰጥቷል። ነባሯ ስልኩን አንሥታ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። «አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለ ሰው እንዲህ ይናቃል?» ብላ ጮኸች።

«ከእናንተ ቅርንጫፍ አንድም ማመልከቻ አልደረሰንም» አላት የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ። «እኛም ገርሞን ነበር።»

ስልኩን ዘግታ ወጪ ሳጥኑን ከፈተች። ሁለት ደብዳቤ ብቻ ቀርቷል፤ የልጅቷና የእሷ። የሁለቱም ርእስ ቀጥ ብሏል።

«ነይ እስቲ» ብላ ጠራቻት። «የኔን ከፍተሽው ነበር?»

የአዲሷ ፊት ቀላ። «የዚያን ማክሰኞ... ማመልከቻ ጽፌ አላውቅማ! እርስዎ እንዴት እንደሚጽፉ ልማር ብዬ አንዴ አነበብኩት። አንድ ቃል አልነካሁም እትዬ፣ ወዲያው ነው የዘጋሁት። አጠፋሁ እንዴ?»

ነባሯ አፏን ከፈተች። ልትቆጣ ነበር። ከተቆጣች ግን መክፈት ምን እንደሚያደርግ መናገሯ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጅል አይደለችም፤ «የኔንስ ማን ከፈተው?» ትላለች።

«ኔትወርኩ ነው» አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

አዲሷ እንባዋ መጣ። «የኔስ ይሁን፣ ገና ነኝ። ያንገበገበኝ የእርስዎ ነው።» ነባሯ ይህን ከምትሰማ ብትሰደብ በወደደች።

ሰኞ አዲሱ ኃላፊ መጣና ቦርሳውን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ። «ይህን የኢሜይል ፕሮግራም ጠንቅቆ የሚያውቅ ማን ነው?» አለ።

«እሳቸው ናቸው» አለች አዲሷ ፈጥና፣ በኩራት። «እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሚያውቁትን ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀሩ።»

ነባሯ መሳቢያዋን ስባ አቀርቅራ እስክሪብቶ ትፈልግ ጀመር። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር።