በሽምግልናው ቀን የተቀረቀረችው ማናቲ

ፊሎሜን ለትዳር ልትጠየቅ በነበረበት ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ቢካይ እያለከለከ ግቢ ገባ።

"ማናቲ!" አለ። "ሐይቁ ሲሸሽ ጥሏት ሄዶ ኩሬ ውስጥ ቀርታለች። ጀርባዋን ፀሐይ እየጠበሰው ነው።"

እናቷ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። "ዛሬ አይሆንም። ዛሬ እንግዳ አለብን።"

"ቶሎ እመለሳለሁ፣ እማ።"

"የሰው ቶሎ ነው የማናቲ ቶሎ?"

ፊሎሜን ስለ እነዚህ ውሃ ውስጥ ሣር የሚግጡ ግዙፍ እንስሳት ማጥናት ከጀመረች ወዲህ የኦሳ ሐይቅ ሰው ወሬ አጥቶ አያውቅም። ምን እንደሚበሉ ለማወቅ ፋንድያቸውን ከውሃው ላይ እየለቀመች በብልቃጥ ታስቀምጣለች። "ዱዋላ ከተማ ድረስ ልከን ያስተማርናት ኩበት እንድትለቅም ነው" እያለ ቢካይ መሸታ ቤቱን ያስቃል። እሱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ማናቲዎቹ መረቤን ቀደዱብኝ ብሎ ሲራገም ይከርማል። ያም ሆኖ አንዷ ስትቸገር ሮጦ የሚመጣው እሷው ዘንድ ነው።

የቸገረው ማናቲዋን በሸራ ተሸክሞ ሐይቁ የሚያደርስ ጉልበት ነበር። የሰፈሩ ወንዶች እንግዳ ሊቀበሉ ክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ የዘንባባውን ጠጅ በዓይናቸው እየለኩ ተቀምጠዋል።

"ተነሱ!" አለቻቸው ፊሎሜን። በሽምግልናዋ ቀን ሙሽራን እምቢ የሚል የለምና እያጉረመረሙ ተከተሏት። ቤት የቀሩት እናቷና ድስቱ ብቻ ነበሩ።

ማናቲዋ ጭቃ ውስጥ እንደ አሮጌ ታንኳ ተዘርግታለች። ፊሎሜን እስከ ወገቧ ገብታ ርዝመቷን ለካች፣ ሙቀቷን አየች፣ ቆዳዋን ዳበሰች። ግራ ክንፏ ሥር እጇ ቆመ። ሰማያዊ ገመድ ሥጋዋ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ አቁስሏታል።

ገመዱን ቆርጣ ወደ ላይ አነሳችው። "አጎቴ፣ ይኼ መረብ የማን ነው?"

ቢካይ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ሰማዩን ማየት ጀመረ። "ሰማያዊ መረብ ያለው ብዙ ነው።"

"እንዲህ ያለ ጅል ቋጠሮ የሚቋጥር ግን አንድ ነው" አለ ሸራውን ከያዙት አንዱ። "ሌባ ናት ስትለን ከርመህ፣ ለካ አንተ ነህ ያሰርካት!"

ሳቁ ሳይበርድ ከሸምበቆው ወዲያ አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ጃንጥላ ይዘው፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ብቅ አሉ። ቤት የሚቀበላቸው ሰው ቢያጡ ፍለጋ የመጡት የእጮኛዋ የማኮን አክስት፣ እትዬ ኦርታንስ ናቸው። ማኮን ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተላል።

"ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?" አሉ ሴትዮዋ።

"ወፍራሟ አይደለችም" አለ ቢካይ፣ ወሬው ስለተቀየረለት ደስ ብሎት።

ፊሎሜን ጭቃው ቢውጣት በወደደች። ቁስሉ ግን ገና አልታጠበም። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጃንጥላውን ወዲህ ቢሉልኝ? ቆዳዋ እየደረቀ ነው።"

እትዬ ኦርታንስ ቀሚሳቸውን አዩ፣ ማናቲዋን አዩ፣ ከዚያ ከነጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

"ስትተነፍስም ይንገሩኝ" አለቻቸው ፊሎሜን።

"ተነፈሰች!" ብለው ጮኹ እትዬ ኦርታንስ፣ ገበያ ላይ እንደሚያሻሽጥ ሰው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይቆጧት ጀመር። "ተንፍሺ እንጂ ልጄ! ምን ያኩራራሻል?"

ያኔ ከወዲያኛው ጫፍ ረጅም፣ የሚንፈቀፈቅ ድምፅ መጣ። ሽታው ተከተለ።

"ይኼም ይቆጠራል?" አሉ እትዬ ኦርታንስ።

"እሱ ጤና ነው" አለች ፊሎሜን ሳቋን መያዝ አቅቷት። "ሆዷ እየሠራ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ የባሌ ሆድ ይሠራል በዪኛ!"

ቁስሉ ታጥቦ መድኃኒት ሲደረግለት ወንዶቹ እያቃሰቱ ሸራውን አነሱ። ውሃ የሚፈራው ማኮን እንኳ ጫማውን ጥሎ አንዱን ጠርዝ ያዘ፤ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ተንሸራቶ ከነአዲሱ ሱፉ ቁጭ አለ። ማናቲዋ ውሃው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ተኛች። ፊሎሜን ከንፈሯን ነከሰች። በኋላ ሰፊው ጭራ አንዴ ተነሥቶ ወረደ፤ ውሃው ተናወጠና የቀረው አረፋ ብቻ ሆነ።

ቢካይ ወደ ፊሎሜን ጆሮ ተጠጋ። "መረቤን ከመተላለፊያቸው ላይ አነሳለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።"

"እሰይ!" አሉ እትዬ ኦርታንስ ከኋላው።

እናቷ ያንን ሁሉ ጭቃ የለበሰ ሰልፍ ስታይ ማማሰያዋን ጥላ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። እግር የሚታጠብበት ውሃ ቀረበ፣ ወጡ ወጣ፣ ጠጁ ተቀዳ። በደንቡ መሠረት ልጅቷ ራሷ በሰው ሁሉ ፊት ትጠየቃለች። እትዬ ኦርታንስ ተነሡ፤ ስለ ዘራቸው ረዘም አድርገው አወሩ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ማኮንን ትፈልጊያለሽ ወይ?"

ፊሎሜን ሳህኑን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። እናቷ በክርኗ ጎሰመቻት።

"እ? አዎ" አለች ብንን ብላ፣ ወጥ የሚጨመርላት መስሏት። "ግን ትንሽ ብቻ።"

ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ማኮን እርጥብ ሱፉን እየጨመቀ፣ "ቅናሽ የለም፤ ሙሉውን ነው የምትወስጂኝ" አላት።