ፀሐይ ቀድማ የምትነካው ውኃ

«አምስተኛው ቀን አምስተኛው ቀን ነው» አለች ሳቱርኒና፣ ለቀስተኛ እንዲያኝከው የሚታደለውን የኮካ ቅጠል እየለቀመች። «የወንድሜ ልብስ ሳይታጠብ ነፍሱ ከዚህ ቤት አትወጣም። የመጀመሪያውን ልብስ ውኃ ውስጥ የምትነክሪው ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ልጅ የለውም።»

«አክስቴ፣ ፈተናው እኮ...»

«የመንግሥት ሥራ አይጠፋም። አባት ግን አንዴ ነው የሚሞተው።»

ኔሪዳ የፈተናውን የጥሪ ደብዳቤ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። አባቷ ቴዎዶሲዮ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ለሥራ ደህንነትና ጤንነት ተቆጣጣሪነት ከተመዘገቡት መቶ አርባ ሰዎች የጽሑፉን ፈተና ያለፉት አራት ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ነች። የቃል ፈተናው ከነገ ወዲያ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሁዋንካዮ ከተማ ነው። የቀረ ሰው ቀረ፤ ሌላ ቀን አይሰጠውም። አውቶቡሱ የሚነሳው አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የሟች ልብስ ግን ፀሐይ ውኃውን ሳትነካው አይነከርም። በእነሱ ሸለቆ ደግሞ ፀሐይ ወንዙ ላይ የምትደርሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ጎረቤቶች አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባት ግቢ ጠራጊ፣ ልጅ ተቆጣጣሪ» ስትል ሰማቻት። ሌላዋ በሻርፕዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

አዲስ ነገር አልነበረም። ኔሪዳ ትምህርት ቤትም «የመጥረጊያው ልጅ» ነበረች። አባቷ ድሮ በማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ጣሪያውን በእንጨት የሚደግፍ ባለሙያ እንደነበረ ታውቃለች። እሷ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን መጥረጊያ ተሰጥቶት የኩባንያውን ግቢ መጥረግ ጀመረ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ግቢ በኩል ላለማለፍ ሌላ መንገድ ትዞር ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ የጉድጓዱ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ስለ ተቆጣጣሪነቱ ሥራ ጠይቋት ነበር።

«ተቆጣጣሪው አደጋ ካየ ሥራ ማስቆም ይችላል?»

«ይችላል፣ አባባ።»

«አለቃው እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ አይልም። ፈርሜ አስቆማለሁ።»

«በፊርማ ብቻ!» አለና ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ከሳሉ መስሏት ውኃ አመጣችለት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶን ፓውሊኖ መጣ። ድሮ ከአባቷ ጋር ጉድጓድ ይወርድ የነበረ አለት ቆፋሪ ነው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣

«አባትሽ ለምን መጥረጊያ እንደያዘ ታውቂያለሽ?» አላት።

«ታሞ አይደለም እንዴ?»

«ታሞ? ያኔማ በሬ ነበር! ስሚኝ ልጄ። ጉድጓዱ ውስጥ ስድስተኛው እርከን ላይ፣ ከአባትሽ ሌላ አሥራ አንድ ነበርን። አባትሽ ጣሪያውን በብረት ዘንግ መታ መታ አደረገና አዳመጠ። ‹ውጡ› አለን። አለቃው ‹አንተ ማነህ?› አለው። አልመለሰለትም። መብራታችንን ከየራሳችን ላይ እየነጠቀ በከረጢት ይዞት ሮጠ! በጨለማ ማን ይሠራል? እየተሳደብን ተከተልነው። እኔማ እናቱን ሳላስቀር ነው የሰደብኩት፤ ነፍሷን ይማር።»

«ከዚያ ጣሪያው ወደቀ?»

«የት ይወድቃል! ያን ቀን አልወደቀም፣ በማግስቱም አልወደቀም። አለቃው ሥራ አስፈታህ ብሎ መጥረጊያ ሰጠው። እኛም ሳቅንበት። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ውስጥ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ወደቀ። ሁሉም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «አለቃው ይህን ያወራ እንጀራውን ያጣል አለን። ልጆች ነበሩን፤ ዝም አልን። አባትሽ ደጃፉን ሲጠርግ በፊቱ እያለፍን ሃያ አንድ ዓመት ዝም አልን።»

አባቷ ያለ ፊርማ፣ ያለ ማኅተም፣ በከረጢት ብቻ አሥራ አንድ ሰው አውጥቷል። ከዚያም መጥረጊያውን ይዞ ቤት መጥቶ ሾርባዋን አሙቆላታል። ቤቱ ድንገት የጠበባት መሰላት።

ከዚያ የፈተናውንና የልብስ አጠባውን ነገር ነገረችው። ሽማግሌው አሰበ።

«ፀሐይ ውኃውን ትንካው ነው እንጂ የቱን ውኃ ተብሎ አልተወሰነም። ላይኛው ሐይቅ ጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደርሳለች። አውቶቡሱም በዚያው ያልፋል።»

«በዚያ ውርጭ ማን ሊያጥብ?» አለች ሳቱርኒና። «እኔ እንደሆን ጉልበት የለኝም።»

«እኛ።»

«ወንድ ልብስ ሲያጥብ አይቼ አላውቅም!»

«እኛም አላየንም፣ ዶኛ ሳቱርኒና።»

በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ሰባት ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። ከአሥራ አንዱ አራቱ ሞተዋል። ብርሃኑ መጀመሪያ የተራራውን በረዶ ነካ፣ ቀስ እያለ በአለቱ ወረደ፣ ዳር ያለውን ሣር አቀላው፣ ከዚያም ውኃው ላይ ተዘረጋ። ሰባቱም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኔሪዳ የአባቷን ሸሚዝ ነከረችና በሳሙና አሸችው። ሽማግሌዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ሰባት ጎባጣ ጀርባ፣ በብርድ የቀሉ እጆች፤ አንዱ በአፉ ጸሎት ያነበንባል፣ ሌላው እንደ ሕፃን ይነፈርቃል። እስትንፋሳቸው ከውኃው ላይ እንደ ጉም ይነሳ ነበር። ኔሪዳ እንዲህ ያለ ነገር ቤተ ክርስቲያንም አይታ አታውቅም።

«ቀስ!» ብላ ከዳር ጮኸች ሳቱርኒና። «ሸሚዝ ነው እንጂ አለት አይደለም! ቁልፉን ነቀልከው እኮ!»

የሚያለቅሰውም ሳይቀር ሳቀ። የአውቶቡሱ ድምፅ ከታች ሲሰማ ኔሪዳ አክስቷን ቀና ብላ አየቻት። ሳቱርኒና ግን ሻርፕዋን እያውለበለበች ወደ መንገዱ መሮጥ ጀምራ ነበር።

«ቁም! አንተ ሰውዬ፣ ቁም! ተቆጣጣሪ አለች!»

በሁዋንካዮ፣ በመጠበቂያው ክፍል፣ የሦስቱ ተራ ካለፈ በኋላ ስሟ ተጠራ። ብድግ ስትል የእጅ አንጓዋ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ አየች። ልትጠርገው መሐረቧን አወጣች። ከዚያ መሐረቡን ኪሷ መልሳ እጅጌዋን በአረፋው ላይ ሳበች፣ ቁልፉን ቆለፈችና ገባች።