የቀይ ካፖርቱ የግራ እጅጌ

ሠዓሊዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ከመዳፍ በማይበልጥ ወረቀት ላይ ነው። መተዳደሪያዋ የልጆች መጻሕፍት ሥዕል ነበር፤ አይጥ፣ ዣንጥላ፣ ጥርሱ የወለቀ ልጅ፣ ሁሉም በቀጭን ብሩሽ ትንፋሽ ተይዞ የሚሠራ። መጽሐፍ በታተመ ቁጥር የመጀመሪያውን ቅጂ ለእናቷ ትወስዳለች። እናት ገለጥ ገለጥ ታደርግና፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ ሥዕል አይቼ አላውቅም!» ትላለች።

እውነቷን ነበር፤ ጭራሽ አላየችም። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰችው እናት የዓይኗ ብርሃን ከድቷት ነበር። ልጅ ይህን ያወቀችው እናቷ አምስተኛውን መጽሐፍ ዘቅዝቃ ይዛ ስታደንቅ ያየቻት ዕለት ነው። ያን ቀን ኩሽና ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተችና አለቀሰች። በኋላ የወሰደቻት ሐኪም ቁርጡን ነገራቸው። ትልቅና ደማቅ ነገር በቀን ብርሃን ትለያለች፤ እሱም ቢሆን ዓመት መቆየቱን እንጃ።

እናም የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ባለ ሦስት ፎቅ ግድግዳው ላይ የሚሥልለት ሰው ሲፈልግ፣ ወንበር ላይ ቆማ አምፖል መቀየር የማትደፍረው ሴት ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች። ለማንም አልተነፈሰችም እንጂ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ እማዬ አንድ ሥዕሌን፣ አንዱን ብቻ፣ ትይልኝ።

ንድፉ ቀይ ካፖርት የለበሰች፣ እጆቿን ወደ ታች ለቅቃ የቆመች ልጅ ነበረች። ሠዓሊዋ ወረቀቱን በትናንሽ ካሬ ከፋፈለች፤ ግድግዳውንም በጠመኔ በዚያው ቁጥር ትልልቅ ካሬ አሰመረችው። ከዚያ በኋላ ሥራው ካሬ በካሬ መገልበጥ ነው። የብረት መወጣጫውን ያቆመላት ሰው፣ ሁሉም «አለቃ» የሚለው፣ በመጀመሪያው ቀን ብረቱን በሁለት እጇ አንቃ ስትይዝ አይቶ አልሳቀባትም።

«ወደ ታች ማየት የለም። ግድግዳሽን ብቻ እዪ» አላትና ወገቧን በገመድ አሰረላት።

ምክሩን ያዘች፤ ከልክ በላይ ያዘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ ደቅና ሠራች። መወጣጫው ለአቧራው ተብሎ በሸራ ስለተሸፈነ፣ ሥዕሉን ከመንገድ ማዶ ያየው ሰው አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ አለቃ ሸራውን ገፈፈው። መወጣጫውንም ከሰዓት ፈትቶ ለሌላ ሕንፃ ሊወስደው ነው። እናት ከማዶው ሱቅ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች።

«እህስ፣ እማዬ?» አለች ሠዓሊዋ አጠገቧ ቆማ፣ ከግድግዳው ይልቅ የእናቷን ፊት እያየች።

እናት ድሮ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ልብስ ሲለካ እንደምታደርገው አንገቷን ዘመም አደረገች። ሠዓሊዋ ያ የፈረደበት መሐላ፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው»፣ አሁን መጣ አለች በልቧ።

«የግራ እጅጌዋ ምን ሆኖ ነው?» አለች እናት።

«ምኑ?»

«ወርዷል! የቀኙ ጭኗ ላይ ቀርቶ ይኼኛው ጉልበቷን አልፏል። ማን ነው የሰፋላት? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።»

ሠዓሊዋ ቀና ብላ አየች። አንድ ሌሊት ዝናብ በሸራው ሥር ገብቶ ጠመኔውን አጥቦባት፣ የግራውን በኩል እንደገና ስታሰምር አንዱን ረድፍ ሁለቴ ቆጥራው ኖሯል። እጅጌው አንድ ካሬ ሙሉ ረዝሟል። አለቃ ገመዱን እየጠቀለለ «ውይ!» አለ፤ ሠዓሊዋ ግን የእናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ምነው ልጄ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«ታይቶሻል! እማዬ፣ ታይቶሻል! ተመስገን፣ ተመስገን!»

«ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያለ እጅጌ ዝም ተብሎ ይታለፋል?»

አለቃ የጠቀለለውን ገመድ መልሶ ፈታው። «ያ ሕንፃ የትም አይሄድም። ነገንም ሥሩበት» አለ። ሠዓሊዋ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

መላውን ያመጣችው እናት ናት። «አትቁረጪው፣ ቁራጭ ያስታውቃል። ወደ ላይ እጠፊላት፤ ሰፋ አድርገሽ፣ ገበሩ እንዲታይ። ስታድግ የሚፈታላት ነው ይባላል።»

በማግስቱ እናት ከማዶ ወንበሯ ላይ ሆና ማዘዝ ጀመረች። «ከፍ! ትንሽ ከፍ! ኧረ በዛ!» መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ይስቃል። ሠዓሊዋ የታችኛውን እጅ ከልጅቷ ጀርባ ባለው ሰማይ ቀለም አጠፋችው፤ እጥፋቱን በብጫ ገበር ሠራችው፣ ከሥሩም አዲስ እጅ ሣለች። ከዚያ የአለቃን ምክር ረስታ ዞር አለችና ወደ ታች አየች። ብረቱን አልያዘችም። እናቷ ከማዶ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች የምታየው እጅጌውን ነበር።

«አሁን ልኳ ነው» አለች እናት። አልማለችም።