ያልታየው ጥርኝ

ሎሚ ጥቅሏን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ቆመች። ባሏ በዳዳ እንጦጦ ላይ ጥድ ሲጎትት ውሎ ሲመለስ ወደ አባቷ ቤት ይወስዳታል፤ ነገሩ አልቋል። እሷ ሙሽራ ሆና ከገባች ወዲህ የአማቷ የኢዶሳ ጥርኝ ለሽቶ የሚሸጠውን ዝባድ መስጠቱን አቆመ። ጥርኝ የባዳ ዐይን ካረፈበት ይደርቃል፤ ይህን የየካ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከኢዶሳ በቀር ማንም፣ ሚስቱ አስያ እንኳ፣ ወደ ጥርኙ ጎጆ አይገባም።

«በቀዳዳ አይታዋለች!» ብላ ነበር አስያ። «እንግዲህ ቡዳ ይዤ አልኖርም!»

ሎሚ አላየችውም። ያንገበገባትም ይኸው ነው። ቡዳ ተብላ የተመለሰችን ሴት ማን ደግሞ ያገባታል? እናቷስ በምን ፊቷ ገበያ ትወጣለች? አስያ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ስትወርድ አየቻትና ልቧ ፈላ። አይታለች ከተባለች አይቀር፣ ትየው!

በሩን ገፍታ ገባች። ጎጆው ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ ጥርኝ ካልሞቀው ዝባድ አይሰጥም። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እንስሳው በጠባብ የእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ተጋድሟል። አንዳች አውሬ ጠብቃ ነበር፤ ለካስ ውሻ ነው የሚያክለው። ግራጫ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተዘርቶበታል፤ እግሮቹ ከሰል ናቸው፤ ዐይኖቹን ጥቁር ጥለት ያቋርጣቸዋል። ሲያያት የጀርባው ፀጉር ቆመ፤ ከዚያም ዞሮ መቀመጫውን ሰጣት። ጅራቱ ሥር፣ ዝባዱ ከሚጠራቀምበት ከረጢት ጎን፣ ቆዳው ተልጧል። አሮጌ ጠባሳ አለ፣ ትኩስ ቁስልም አለ፤ ሁሉም ዝባድ የሚጠረግበት ማንኪያ ጫፍ ያህል ነው።

«ወይኔ!» አለች። ዐይን እንዲህ አይልጥም።

ኢዶሳ ቁራጭ ሥጋ ይዞ፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ገባ። ሊነካት ምንም ሳይቀረው በአጠገቧ አለፈ። ሥጋውን ሲወረውር ከፍርግርጉ ውጭ አመዱ ላይ ወደቀ። ጥርኙ እግሩን ሰደደ፤ አልደረሰበትም።

«አስያ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባቴ፣ ሎሚ።»

ሽማግሌው ደርቆ ቀረ። «አየሽው?»

«አየሁት። ቁስሉንም አየሁት። እርስዎ ግን... አያዩም።»

ኢዶሳ እሳቱ ዳር ተቀመጠ። ጥርኝ ቀኑን በቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል፤ ኩሱንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይጥላል። ዐይኑ ሳይጠፋ ኢዶሳ መረቡን እዚያ ይዘረጋ ነበር፤ በእንጦጦ ጫካ የሚወዳደረው አልነበረም።

«ዕውር አዳኝ ማን ይፈልገዋል ብዬ ደበቅሁ። ሳላይ ስጠርገው አቆሰልኩት፤ ዝባዱም ቆመ» አለ። «አንቺን ሲከሱሽም አፌን ያዝኩ። አፍሬ ነው ልጄ።» ፊቱን ወደ ፍርግርጉ መለሰና፣ «ይኸኛውን የያዝኩት በዳበሳ ነው። መልኩን አላውቀውም። እስቲ ንገሪኝ» አላት።

ሎሚ ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። በጣም ተናዳለች። ግን ነገረችው፤ ነጠብጣቡን፣ ጥለቱን፣ የሚቆመውን ፀጉር። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

ደጅ የአስያ ጩኸት ተሰማ። በዳዳ በሩን ገፍቶ ገባ፤ እናቱም ተከተለችው።

«አባባ! ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«እኔ ነኝ ያስገባኋት» አለ ኢዶሳ ተነሥቶ። «በማንም ዐይን የደረቀ ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ዝባዱን የምትጠርገው እሷ ናት።» የቀንድ ማንኪያውንም ዘረጋላት። የዘረጋው ግን ወደ ምሰሶው፣ ማንም ወደሌለበት ነበር።

አስያ የተዘረጋውን እጅ አየች። ሎሚ አስያ ማየቷን አየች። ከዚያ ሎሚ ፈጥና ተራመደችና ምሰሶው ሥር ቆማ ማንኪያውን ተቀበለችው።