መርፌ ሲመርቅ

አናጺው የሾርባውን ጎድጓዳ ሳህን የጎረቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ በመጥረጊያው እንጨት በሩን መታ መታ አደረገ።

"መርፌ! እንዴት አደርክ?"

ከውስጥ ደከም ያለ ድምፅ መጣ።

"ደህና... ተመስገን። አንተስ ደህና አደርክ፣ ወንድሜ?"

አናጺው እንጨቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ልብስ ሰፊውን ግቢው ሁሉ "መርፌ" የሚለው በሙያው ብቻ አይደለም፤ በምላሱም ነው። ግድግዳ ተጋርተው ስንት ዘመን ሲኖሩ አናጺውን "ጠማማው" እንጂ "ወንድሜ" ብሎት አያውቅም። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን፣ አናጺው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ሲወጣ ቢያየው፣ "ተመስገን፤ መልክህ ገና ዛሬ አማረ" ነበር ያለው።

መርፌ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከታመመ ወዲህ ግቢው ተራ ገብቶለታል። ጠዋት አናጺው፣ ቀትር ላይ ልብስ አጣቢዋ፣ ማታ ጡረተኛው መምህር ምግብና ውሃ ደጃፉ ላይ ያኖራሉ፤ ይጠይቁታል፤ ይመለሳሉ። ደጃፉን ግን ማንም አያልፍም። ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ አናጺው ነው። ሚስቱ አስም አለባት። ብርድ ሲመታት እንኳ ደረቷ ያፏጫል።

አጣቢዋ ከገንዳዋ ቀና አለች።

"ትናንት እንዴት አድርጎ እንደመረቀኝ ብትሰማ! 'እጅሽ ይባረክ፣ እናቴ' አለኝ። በሽታው ጨዋ አደረገው እኮ!"

"ምግቡንስ ምንም አላለም?"

"ምን ይላል?"

"ጨው በዛ፣ ውሃ ነው፣ ልብስ ያጠብሽበት ነው ወይ..."

"ኧረ ምንም!" ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። "ሳህኑን ሳነሳው ያው እንደሞላ ነበር። 'አልራበኝም፣ ደህና ነኝ' አለኝ።"

"እኛ እኮ ስንሞትም ደህና ነን" አለ አናጺው።

ሰው ደጃፍ ቆሞ "ደህና ነህ?" ሲልህ ሌላ ምን ትለዋለህ? ሦስቱም ያንኑ ጠይቀው፣ ያንኑ ሰምተው፣ ልባቸው አርፎ ሲመለሱ ሰንብተዋል።

አናጺው ወደ መርፌ በር ተመለሰ። አሁን ጤናውን አልጠየቀውም።

"አንተ መርፌ! የሰፋህልኝ ሱሪ ሰው ፊት ጎንበስ ብል ለሁለት ተተረተረ! ዕድሜ ልክህን ያበላሸኸው ጨርቅ ለአገር ድንኳን ይበቃ ነበር!"

አጣቢዋ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ጠበቀች። መርፌን እንዲህ ተናግሮ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው የለም።

"ልክ... ነህ" አለ ድምፁ። "ይቅር... በለኝ።"

አናጺው እንጨቱን ጣለ።

"ስደበኝ!" ብሎ ጮኸ። "አንድ ጊዜ ስደበኝ እባክህ!"

ጆሮውን ቢያቀና አጭር አጭር ትንፋሽ ብቻ ሰማ።

ጩኸቱን ሰምተው መምህሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ስልካቸውን አውጥተው ጤና ጣቢያ ደወሉ፤ አስረዱ፤ አዳመጡ።

"አምቡላንሱ ይመጣል" አሉ። "ነገር ግን እዚህ ድረስ አይገባም፤ ብዙ ሰው ይጠብቃቸዋል። ዋናው መንገድ ላይ አውጥታችሁ ካላቆያችሁልን እናልፋለን ነው የሚሉት።"

"ማን ያውጣው?" አለች አጣቢዋ። መልስ ሳትጠብቅ እጇን በቀሚሷ መጥረግ ጀመረች። "እኔ እገባለሁ።"

"ጡት የሚጠባ ልጅ ይዘሽ?" አላት አናጺው።

መምህሩ ምርኩዛቸውን አዩ። ሁለቱም ዓይናቸውን አናጺው ላይ ጣሉና፣ አፍረው መለስ አደረጉ።

የአናጺው ሚስት ከበሯ ብቅ አለች። ሻሿን አፏ ላይ ይዛለች።

"ሰምቻለሁ" አለች።

"ሕጉን ለማን ብዬ ያወጣሁት ይመስልሻል?"

"ለእኔ ነዋ። እሱስ? ማን አለው?"

"ከነካሁት ቤት አልገባም። እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ። ትንፋሽ ቢያጥርሽ ማን አለ?"

"መምህሩ አሉ፤ እሷ አለች። ለመርፌ ተራ የገባ ግቢ እኔን ይጥለኛል?"

አናጺው ወደ ምድር አየ።

"መድኃኒትሽ የት ነው?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"አሳዪኝ።"

የምትስበውን መድኃኒት አውጥታ ነቀነቀችለት።

"ፍራሼን እንጨት የምሠራበት ቤት አኑሪልኝ" አለ። "ከዚያ በሩን ቆልፊ። ባንኳኳም እንዳትከፍቺ።"

ራሱን ያውቃል። ስታስል ሰምቶ ቁልፉ በእጁ ካለ አያስችለውም።

የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና እግሯ ሥር ወረወረው።