ከሌሊቱ አሥር እስከ ጠዋቱ አንድ

«እኔ ነኝ አብሬያት የማድረው!» አለች የዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት፣ ዳኛዋ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ። «እንዲያውም ልጅቷ እንዴት እንደምታንኮራፋ ልንገርዎት?»

ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን ደፋች። ጎረቤቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ወዳጇን አሳልፋ አትሰጥም። ልጅቷ ጋ ግን አንድም ሌሊት አድራ አታውቅም።

የልጅቷ እናት፣ የጋጋሪዋ ታናሽ እህት፣ ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። የስምንት ዓመቷን ልጅ ከዚያ ወዲህ የምታሳድጋት ጋጋሪዋ ብትሆንም ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም «የሞግዚትነት ወረቀት አምጪ» እያሉ ይመልሷታል። ወረቀቱን ካላገኘች ልጅቷ ማሳደጊያ ትገባለች። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ አክስቷ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ለሥራ ወጥታ ጠዋት አንድ ሰዓት እስክትመለስ ልጅቷ ከማን ጋር ናት?

«ምስክሯ ያሉት እውነት ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

«አይደለም፣ ክብርት ዳኛ» አለች። «ለእኔ ብላ ነው። ልጄ ብቻዋን ናት። በሩን ከውጭ ቆልፌባት ነው የምሄደው።»

«ኧረ በሞትኩት፣ ዝም በይ!» ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸመቻት።

«እርስዎ ይቀመጡ» አሏት ዳኛዋ። «የማንኮራፋቱን ጉዳይ በኋላ እንነጋገርበታለን።» ወደ ጋጋሪዋ ዞሩ። «ቤቱ በእሳት ቢያያዝስ?»

«ሊጥ ሳቦካ ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር የለም።»

እንዲህ ያለውን ሰው ሞኝ የሚሉት አይጠፉም። ጀግና ማለት ግን እሷ ናት፤ በጣም የምትፈልገውን ነገር በውሸት አልወስድም አለች። ዳኛዋ ግን ብዕራቸውን አላነሱም።

«ለዚህ መልስ ሳያመጡ አልፈርምም። ከሰዓት በኋላ ይመለሱ።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «አክስቴ፣ አለቀ?»

«ትንሽ ቀረው፣ የኔ እናት።»

ጋጋሪዋ በምትሠራበት ዳቦ ቤት ከእሷ በፊት ምድጃ ላይ የቆመች ሴት የለችም። ዋና ጋጋሪ ለመሆን ዘጠኝ ዓመት የዱቄት ጆንያ ተሸክማለች። ስልኳን አውጥታ አሠሪዋ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ምድጃው ላይ ሌላ ሰው ያቁሙ። እኔ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ መስኮቱ ላይ ዳቦ እሸጣለሁ።»

«አብደሻል እንዴ? ዋና ጋጋሪ እኮ ነሽ!»

«ነበርኩ፣ ጋሼ» አለች። «ይህንኑ ጽፈው ማኅተም ያድርጉበትና ይጠብቁኝ። አሁን መጥቼ ለዳኛዋ እወስደዋለሁ።»