ወፍራሙ ሽቦ

"ዝቅ አድርጊው እንጂ እትዬ! ግድግዳውን አሳዪኝ፤ ጣራው ምን ያደርግልኛል?"

ጸዳለ ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ክንዷ ዝሏል። ታናሽ ወንድሟ ታምራት ኦስሎ ከቤቱ ቁጭ ብሎ ደብረ ታቦር ያለውን ግድግዳ ያስበሳል፤ እሷ ደግሞ ዓይን ሆናለታለች። መሰላሉ ላይ የቆመው የመብራት ሠራተኛ ሙላቴ መሰርሰሪያውን ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል። ሙላቴ ሃያ ዓመት ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡ ከኖርዌይ ስለመጣ ቀዳዳው የት እንደሚበሳ የሚያውቀውም የኖርዌዩ ሰው ሆኗል።

"ቻርጀሩ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ ይሁን፤ እዚህ ሁሉም ሰው ቤቱ እንደዚያ ነው የሚያስገባው" አለ ታምራት። "ገመዱስ ወፍራም ነው? እንዳይግል!"

"ኧረ ወፍራም ነው! የበሬ ጅማት ነው የሚመስል" አለ ሙላቴ።

ቤቱ እስከ ትናንት የጸዳለ መጋዘን ነበር። ጌሾና ብቅል ነጋዴ ናት። የደብረ ታቦር ጠላ ጠማቂ ግማሹ ከእሷ ነው የሚገዛ። አሁን ጆንያዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የነሐሴ ዝናብ በጎን እየገባ ሁለት ጆንያ ብቅል አርሶባታል። ምን ታድርግ፣ መኪና ይገባበታል ተባለ። መኪናዋ ነጭ ናት። ከትናንት በስቲያ አንድ ሾፌር ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ነድቶ አመጣትና ቁልፏን ለጸዳለ አስረክቦ ሄደ። ጸዳለ መንዳት አትችልም። ታምራት ከሳምንት በኋላ ለእናታቸው ለእማማ ብዙነሽ ሙት ዓመት ሲመጣ እንግዳ ሊያመላልስባት ነው የገዛት። ቤንዚን እንደሆነ ወረፋው አይቻልም፤ ይቺ ግን በመብራት የምትሄድ ናት፤ ቤት ውስጥ ቻርጅ ትደረጋለች።

"ከግድግዳው ወዲያ ምንድን ነው?" አለ ታምራት።

"የእማ ክፍል።"

"ባዶ ነዋ! በቃ ብሬከሩን እዚያ አድርጉት፤ ዝናብ አያገኘውም።"

በዓመቱ "ባዶ ነዋ!" እንደ ዕቃ ቤት! አለች ጸዳለ በሆዷ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠና የታምራት ፊት አንድ ዓይኑን እንደጨፈነ ደርቆ ቀረ።

ሙላቴ ከመሰላሉ ወርዶ ጌሾ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ፍልሰታ ስለሆነ ሁለቱም ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱም።

"እትዬ ጸዳለ፣ ልናገር?"

"ተናገር።"

"አምና ለእማማ ብዬ የለካሁት እኮ ይኸው ነው። ያው ምሰሶ፣ ያው ሽቦ፣ ያው ቆጣሪ። የጻፍኩበት ወረቀት አሁንም ከቦርሳዬ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ዘንድሮ ግን በአሥር ቀን ሊያልቅ ነው። ገንዘቡ በመጣ በአሥር ቀኑ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።"

"ተው ሙላቴ። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።"

"ሆድ ስንቱን ይፈጃል!" አለና ተነሣ።

እውነቱን ነው። የጸዳለ ሆድ አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈጅ ከርሟል።

እማማ ብዙነሽ ሳንባቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ሐኪሙ ቤታቸው ሆነው ኦክስጅን ይሳቡ ሲል ጸዳለ ሁለት ላሞቿን ሸጣ ማሽኑን ገዛች። ማሽኑ ደህና ነበር። ሽቦው ነው ደህና ያልሆነው። ከምሰሶው የሚመጣው በአባታቸው ጊዜ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው፤ አራት ቤት ከእሱ እየቀጠለ ይጠባዋል። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ይሠራል። ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲለኩስ ግን ኃይሉ ይደክምና ማሽኑ ይጮኻል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሙላቴ መጥቶ ለካና ለእማማ ቤት ብቻ ወፍራም ሽቦና አዲስ ቆጣሪ እንደሚያስፈልግ ጻፈላት። ጸዳለ ታምራት ዘንድ ደወለች። "ከፋሲካ በኋላ" አላት። ፋሲካ አለፈ፤ ደወለች። "ሰኔ ይግባ፣ የቤት ዕዳ አለብኝ" አላት። ሰኔ ገባ፤ ደወለች። "እትዬ፣ እዚህ ገንዘብ እንደ ቅጠል የሚሸመጠጥ ይመስላችኋል እንዴ?" ብሎ ጮኸባት። ለአራተኛ ጊዜ ለመደወል ፊት አጣች። ዛሬም ድረስ የሚቆጫት ይኸው ነው፤ ለራሷ አፍራ እናቷን አስገደለች፣ እንዲህ ነው የሚላት ልቧ።

የቡሄ ዋዜማ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሙልሙል ይጋግራል፤ ያልተለኮሰ ምድጃ የለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምፖሉ ቀላ፣ እንደ ፍም ሆነ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ዝም አለ። ጸዳለ ሙላቴ ዘንድ ደወለች፤ ሮጦ መጣ። ሽቦውን ሊያወፍረው አይችል ነገር በየቤቱ እየዞረ "ስለ እግዜር ምድጃ አጥፉ!" ሲል ዋለ። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል። ጸዳለ በሰፌድ እያራገበች እናቷን ደገፈች። እማማ የእጇን አንጓ ይዘው "ጸዳሉ… ጸዳሉ…" አሉ። የቀረውን የሚሉበት ትንፋሽ አልነበራቸውም። አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ውጭ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ። የእማማ ጥፍር የጸዳለን አንጓ አቁስሎት ነበር፤ ሳምንት ነጠላዋን እያወረደች ሸፈነችው።

ለታምራት ግን እንዲህ አልተነገረውም። ውጭ ላለ ሰው እንዲህ አይነገርም። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀብተማርያም ናቸው የደወሉለት።

"ልጄ፣ አጠገብህ ማን አለ?" አሉት።

"ማንም የለም አባ፤ ብቻዬን ነኝ። ምነው?"

"ኧረ ደህና ነን፤ ለሰላምታ ነው" ብለው ዘጉት። ለብቻው ላለ ሰው መርዶ አይነገርማ! በማግስቱ እዚያው ያሉ የሀገር ልጆች ተሰባስበው ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። "በተኛችበት ነው ያረፈችው፤ እንደ መልአክ" አሉት። እንዲህ በሉ ያሉት ቄስ ሀብተማርያም ናቸው። ጸዳለንም ቃል አስገቧት።

"እውነቱን ቢጠይቀኝስ አባ?" አለቻቸው።

"አይጠይቅሽም። ቢጠይቅሽም አንቺ የሚያስተዛዝን ጎረቤት አለሽ፣ ዕድር አለሽ፤ እሱ ያለው አራት ግድግዳ ነው። ከሞቱ አሟሟቱ ነው ሰው የሚገድል። ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም።"

ዝም አለች። እሱ ግን ዝም አላለም። በደወለ ቁጥር "እማ ግን ታድላ! በተኛችበት!" ይላል። እንኳን አደረሰሽ ሲልም ይላል። ጸዳለም "አዎን፣ ታድላ" ትላለች፤ ስልኩን ስትዘጋ አንጓዋን ታሻለች።

መሰርሰሪያው ግድግዳውን በስቶ እማማ ክፍል ገባ። የጭቃና የኖራ አቧራ አልጋው ላይ ተበተነ። ሙላቴ በዚያኛው በር ዞሮ ገባና ብሬከሩን ከራስጌው በላይ ሰቀለው። ከጥጉ ላይ በእማማ አሮጌ ነጠላ የተሸፈነው ማሽን ቆሟል።

"ይህን ላውጣው? አቧራ ይገባበታል።"

"አትንካው!" አለች ጸዳለ። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። "ተወው፣ እኔ እሸፍነዋለሁ።"

ሙላቴ ማንም ሳያዘው ግን ከብሬከሩ ሥር አንድ ሶኬት ጨመረ። ጸዳለ አየችው፤ ለምን እንደጨመረው አልጠየቀችውም።

ቅዳሴ ሳይወጣ ሥራው አለቀ። ሙላቴ የቻርጀሩን ራስ መኪናዋ ጎን ላይ ሰካው። አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለና ቆመ። ኔትወርኩም ተመልሶ ታምራት ደወለ።

"አሳዪኝ! አሳዪኝ እትዬ! ኧረ ሠራ! ኧረ እልልታ የት አለ?" የራሱን ስልክ አዙሮ ከቤቱ በር ያለውን ቻርጀር አሳያት። "አየሽ? አንድ ዓይነት ነው! እኔ እዚህ፣ እናንተ እዚያ፣ ልዩነት የለም እኮ!"

"የለም" አለች ጸዳለ።

"ምነው እማ ይህን ባየች! ፊት ወንበር አስቀምጬ ወንዛዬ ፍል ውኃ ነበር የምወስዳት። ሁልጊዜ ወንዛዬ ውሰዱኝ ትል አልነበር?"

"ትል ነበር።"

"እናንተም ግን ጥፋት አለባችሁ እትዬ። ሙላቴ ድሮ የነበረውን ሽቦ በፎቶ አሳየኝ። የልብስ መስፊያ ክር እኮ ነው! በዚያ ነው ስትኖሩ የነበረው? እማን ይዛችሁ? አንድ ቀን እንኳ አልነገራችሁኝም!"

በረንዳው ላይ ዕቃውን የሚሰበስበው ሙላቴ እጁ ቆመ። ጸዳለ ስልኩን አየችው። ወንድሟ አይዋሽም፤ ይህ ነው የባሰው። ሦስት ጊዜ የተለመነውን አያስታውሰውም። እሷ ቀኑን ጭምር ታውቀዋለች፤ እሱ ከነመኖሩም ረስቶታል።

"አልነገርንህም?" አለችው።

"ብትነግሩኝ እምቢ እል ነበር? ለእማ? በይ እስቲ ብሬከሩን አሳዪኝ፤ በደንብ ታስሮ እንደሆን ልየው።"

ስልኩን ይዛ እማማ ክፍል ገባች። ብሬከሩን አሳየችው። "ጎበዝ ነው ሙላቴ!" አለ። ጸዳለ ስልኩን አልጋው ላይ ትራሱን አስደግፋ አቆመችው፤ ከዚያ ነጠላውን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች። ሶኬቱን ሰካችና ቁልፉን ተጫነች።

ማሽኑ ተነፈሰ። አንድ ጊዜ ጠጥ አለና ሥራውን ቀጠለ። ጸዳለ ጩኸቱን ጠበቀች፤ አልጮኸም። ከጎረቤት ጀምሮ እስከ ገበያው ያለው ምድጃ ሁሉ ቢለኮስ ግድ የለውም። የቱቦው ጫፍ አፉን ከፍቶ ለማንም ያልሆነ አየር ይተፋል።

ሙላቴ በሩ ላይ መጥቶ የኃይል መለኪያውን ዘንግ ሶኬቱ ላይ አደረገ። "ሁለት መቶ ሃያ ቮልት" አለ በቀስታ። "ንቅንቅ አይል።" ከዚያ ጸዳለን ሳያያት ወጣ።

"ምንድን ነው የሚሰማኝ ድምፅ?" አለ ታምራት።

"የእማ ማሽን።"

"እስካሁን አልሸጥሽውም? ኧረ ደህና ነው፣ ይሠራል እኮ! ለአንዱ በሽተኛ ስጪው፤ ጽድቅ ነው።" ማሽኑ በመካከላቸው ይተነፍሳል። "ለመሆኑ እትዬ… በዚያ በክሩ ሽቦ እንዴት ይሠራላት ነበር?"

ጠየቃት። አባ አይጠይቅሽም ብለዋት ነበር፤ እሱ ግን ጠየቀ።

የገባችው ቃል ትዝ አላት። አባም ትዝ አሏት፤ ከሳምንት በኋላ በሙት ዓመቱ ፍትሐቱን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። አንጓዋን ያዘች። አንድ ዓመት "አዎን፣ ታድላ" ያለ አፏ ዛሬም ሊለው ተከፈተ፤ መልሳ ዘጋችው። አልጋው ላይ የተበተነውን አቧራ በእጇ ጠርጋ ከስልኩ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ታምራት፣" አለችው፣ "አጠገብህ ማን አለ?"

የታምራት ፊት ተለወጠ። ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ውጭ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

"ማ… ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ። ምነው እትዬ? ማን ምን ሆነ?"

አምና አባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ነበር "ለሰላምታ ነው" ብለው የዘጉት።

"ቁጭ በል" አለችው ጸዳለ።